ግቡ ላይ ስንደርስ ግቡ ሸሸን፦ ከቱሉ ዲምቱ የቀረበ ሁለተኛ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች፣ ሰፈር የቀየራችሁ የድሮ ጎረቤቶቻችን፣ በውጭ ያላችሁ የሰፈራችን ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ደግመን መጣን። እንደሰለቸናችሁ እናውቃለን። በር ስናንኳኳ መብራት የሚጠፋባቸው ቤቶች እንዳሉም አይተናል። አንቀየምም፤ ኑሮው ለሁላችንም ከብዷል። ግን አፍረን ዝም ብንል ነገ የምንጸጸተው ሁላችንም ነን።

ጉዳዩ የጀበና ቡናዋ እህታችን ጉዳይ ነው። ቤተሰቧ ስሟ እንዳይጻፍ ስለጠየቁ አልጻፍነውም። ባይጻፍም የማያውቃት የለም። በሁለተኛው በር ገባ ሲሉ፣ ደረጃው ሥር፣ ቄጤማ ጎዝጉዛ ስታፈላልን የኖረች ናት። በነገራችን ላይ የዱቤ ደብተሯ እኛ ጋ ነው። ስማችሁ ያለበት ሰዎች ራሳችሁን ታውቃላችሁ። መዋጮው ይቆይ፣ መጀመሪያ የጠጣችሁትን ክፈሉ።

መጋቢት 2016 ላይ አጣዳፊ የደም ካንሰር ተገኘባት። ኬሞው ብዙ ቢያሰቃያትም ሠርቷል። ሐኪሞቿ እንደነገሩን አሁን በምርመራ በሽታው አይታይም። ግን ተኛ እንጂ አልሄደም። ከመነሳቱ በፊት የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ ማግኘት አለባት። ይህ ህክምና እዚህ ስለማይሰጥ ወደ ህንድ፣ ኒው ዴሊ እንድትሄድ የህክምና ቦርድ ወስኗል። በሽታው ቀድሞ ከተመለሰ ኬሞው እንደገና ከዜሮ ይጀመራል፣ የመዳን ዕድሏም ይቀንሳል። የምንጣደፈው ለዚህ ነው።

መቅኔ ደግሞ ከማንም አይወሰድም፤ መግጠም አለበት። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ሁለት ሰዎች የመግጠማቸው ዕድል ከአራት አንድ ነው። ሦስት ወንድምና እህት አሏት። ሁለቱ አልገጠሙም። ሦስተኛው፣ ባጃጅ የሚነዳው ታናሽ ወንድሟ፣ ገጠመ። ውጤቱ የመጣ ቀን እናቶች ግቢ ውስጥ እልል ሲሉ ሠርግ መስሏቸው በመስኮት ብቅ ያሉ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ወሬ እንዝጋ። "መቅኔ የሰጠ ወንድ ሽባ ይሆናል፣ አይወልድም" እየተባለ ልጁን የሚያስፈራሩት ሰዎች አሉ። እባካችሁ ተዉት። ለጥቂት ቀናት መርፌ ይወጋል፤ ከዚያ ደሙ በማሽን ውስጥ እያለፈ የሚፈለገው ህዋስ ይለይና ቀሪው ወደ ሰውነቱ ይመለሳል። የሚፈጀው ሰዓታት ነው። የሰጠውን ሰውነቱ ራሱ ይተካዋል። ልጁ ቆርጧል፣ እኛ አናስፈራራው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሰኔ 2016 ስንጀምር ሆስፒታሉ የላከው ግምት፣ ከህክምናው በኋላ እዚያው አጠገብ የሚቆዩበትን ሦስት ወር ጨምሮ፣ 28,000 ዶላር ነበር። በጊዜው ምንዛሪ 1.6 ሚሊዮን ብር ግድም ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ዛሬ በ120 እንኳ ብናሰላው 3,360,000 ብር ነው።

እስከ ዛሬ የተሰበሰበው 1,930,000 ብር ነው። ልብ በሉ፣ ስንጀምር ያስቀመጥነውን ግብ አልፈነዋል! አንድ ሚሊዮን እንሞላለን ብሎ ያላመነ ሰፈር ነው ይህን ያደረገው። ሊስትሮዎቹ የአንድ ቀን ገቢያቸውን ሰጥተዋል። ወጣቶቹ ደም ሲያስፈልጋት ተሰልፈው ሰጥተዋል። ጅዳና ዱባይ ያሉ ልጆቻችን ወደ ህንድ የሚሄዱትን የሦስቱንም ሰው የአውሮፕላን ትኬት ችለዋል። ግቡ ግን ሸሸን።

"ለምን ቀድማችሁ ዶላር አልገዛችሁም?" የምትሉ አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ አነጋገሩ ግን አንዳንዴ ያማል። ባንክ ያኔ ለህክምና ዶላር ይፈቅድ የነበረው የቦርድ ውሳኔ፣ ፓስፖርትና የሆስፒታሉ የዋጋ ግምት ሲቀርብ ነው። የቦርዱ ውሳኔ የደረሰን ነሐሴ ላይ ነው። በእድሩ ስም የተሰበሰበ ገንዘብ ይዘን ጥቁር ገበያ እንድንሄድ የመከሩንም ነበሩ። አንሄድም። ብንወረስ ወይ ብንታለል ለእናንተ ምን ብለን እንመልስ ነበር?

ከተሰበሰበው ላይ 186,000 ብር ወጥቷል። ትልቁ ወጪ የሦስቱ ወንድምና እህቶች የመግጠም ምርመራ ነው፤ 94,000 ብር። ለፓስፖርትና ለቪዛ 50,000፣ ከግል ፋርማሲ ለተገዛ መድኃኒት 31,000፣ ለባነርና ለደረሰኝ ህትመት 11,000 ብር ወጥቷል። ለኮሚቴው ሻይ ቡናም ሆነ ነዳጅ አንድ ብር አልተከፈለም። ደረሰኞቹ በሙሉ እድሩ ቢሮ አሉ፤ ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ማየት ይቻላል። እስካሁን ሊያይ የመጣው ግን ሁለት ሰው ብቻ ነው። ወሬው ግን በየደረጃው አለ።

ባንክ ያለው 1,744,000 ብር ነው። የጎደለን 1,616,000 ብር ነው። አንድ ሺህ ብር የሚሰጥ 1,616 ሰው ማለት ነው። በዚህ ግቢ ስንት ብሎክ እንዳለ፣ በአንዱ ብሎክም ስንት ቤት እንዳለ አስቡት።

ከተሰበሰበው ውስጥ 200,000 ብሩ የእድሩ ነው። እሱም በቀላሉ አልመጣም። መተዳደሪያ ደንባችን የሚለው ሰው ሲሞት ይከፈል ነው፤ ስለታመመ ሰው አንድ አንቀጽ የለውም። በጠቅላላ ጉባኤው ግማሽ ቀን ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ አንድ አዛውንት አባት ተነስተው፣ "እኔ ስሞት ለድንኳኔ የምታወጡትን ከአሁኑ ለሷ ስጧት፣ እኔ ፀሐይ ላይ ብቀበርም አይቆጨኝም" አሉ። ሰው ሳቀ፣ ከዚያ እጅ ወጣ።

ይህ ሰፈር ችግርን አብሮ መወጣት ለምዷል። ቁልፍ ተቀብለን ስንገባ ውሃው እንዴት እንደነበር፣ ሮቶው በማን መዋጮ እንደቆመ፣ የጥበቃ ቤቱን ማን እንደሠራው አንዘረዝርም። ታውቁታላችሁ።

ትናንት ህዳር 12 ነበር። እንደ ደንቡ ቆሻሻው ተቃጠለ፣ ጭሱ ግቢውን ሞላው። እሷ አራተኛ ፎቅ ናት። ሰውነቷ ኢንፌክሽን ስለማይችል ጎረቤቶች መስኮቷን በእርጥብ ነጠላ ሲወትፉ ዋሉ። ለክትትል ስትሄድም ሊፍት ስለሌለ ልጆቹ ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠው ያወርዷታል። በየወለሉ ያርፋሉ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉት እናት በራቸውን ከፍተው ውሃ ይዘው ይጠብቃሉ። ገንዘብ ባይኖራችሁ እንዲህ ያለውም ከድጋፍ ይቆጠራል።

የፊታችን እሁድ ህዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ጾም ያለ ምጽዋት እንዳይሆንብን። ሙስሊም ወንድምና እህቶቻችን ከጁምዓ በኋላ ሰደቃ ሰብስባችሁ ሁለቴ እንዳመጣችሁልን አልረሳንም፤ አሁንም እጃችሁን እንጠብቃለን። በዚያው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በእድሩ ድንኳን የቡናና የገቢ ማሰባሰቢያ ፕሮግራም አለ። ጠዋት ጥሩምባ ይነፋል። አትደንግጡ፣ የሞተ ሰው የለም፣ ለመጥራት ነው።

አሁን የከፈላችሁም ሆነ ያልከፈላችሁ ይህን በደንብ አንብቡ። ፎቶዋን በማኅበራዊ ሚዲያ ለጥፎ በግለሰብ ስም የተከፈተ የሂሳብ ቁጥር ያሰራጨ ሰው አለ። ለፖሊስ አመልክተናል። እሱ እኛ አይደለንም። ትክክለኛው ሂሳብ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በእድሩ ስም የተከፈተና በሦስት ሰው ጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ነው። ቁጥሩ የእድሩ ማህተም አርፎበት በየብሎኩ መግቢያ ተለጥፏል። ውጭ ላላችሁ የብሎክ ተጠሪያችሁ ማህተሙ የሚታይበትን ፎቶ ይልክላችኋል። ከመላካችሁ በፊት የሚወጣው ስም የእድሩ መሆኑን አረጋግጡ። የሰው ስም ከወጣ አትላኩ። እንደግመዋለን፣ የሰው ስም ከወጣ አትላኩ።

ጥሬ ገንዘብ የምትሰጡ ማህተም ያለበት ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትስጡ፤ የኮሚቴ አባል ቢሆንም። ሆስፒታሉ አልጋ የያዘላት ለጥር መጀመሪያ ስለሆነ ክፍያው እስከ ታህሳስ 20 መላክ አለበት። ቃል ገብታችሁ ያልከፈላችሁም ቀኑን አትርሱ። በሞባይል የምትልኩ ምክንያት በሚለው ቦታ የብሎክና የቤት ቁጥራችሁን ጻፉ። ሳይጽፉ የላኩ ሰዎች ገንዘብ ሂሳቡ ውስጥ አለ፤ ደረሰኝ የምንሰጠው ለማን እንደሆነ ግን አላወቅንም። እናንተ ከሆናችሁ ቅዳሜ ቢሮ ብቅ በሉ።

የእድሩ የህክምና ድጋፍ ኮሚቴ
ቱሉ ዲምቱ፣ ህዳር 13 ቀን 2017