ለአባቴ፦ ስለ ፈጣኑ ባቡርና ስለ ሐዲዳችን

ሊዮን፣ ፈረንሳይ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እማዬንስ ጉልበቷን እንዴት አደረጋት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደኅና ነኝ።

ባለፈው እሑድ በስልክ ስንነጋገር፣ ወንድሜ ሚኪያስ መንግሥት ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ባቡር ቢዘረጋ ገንዘቡ አይባክንም ብሎ እንደተከራከረዎትና እርስዎም «አንቺ እዚያው አገሩ ላይ ስላለሽ ያየሽውን ጻፊልኝ» እንዳሉኝ አልረሳሁም። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ዛሬ የሥራ ፈቃዴ ቀን በመሆኑ ተረጋግቼ እጽፍልዎታለሁ።

ሚኪያስ የእኔን ከተማ ምሳሌ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ከፓሪስ ሊዮን 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እርስዎ ዕድሜዎን የፈጁበት የድሮው ሐዲድ ደግሞ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ወደ 470 ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር። አምና ፓስፖርቴን ለማሳደስ ፓሪስ የሄድኩ ጊዜ መንገዱ ሁለት ሰዓት ብቻ ስለፈጀብኝ ጠዋት ወጥቼ፣ ጉዳዬን ጨርሼ፣ ለእራት ቤቴ ገብቻለሁ። ከብቱና መስኩ በመስኮቱ በኩል ሽው እያለ ሲያልፍ፣ ፊት ለፊቴ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩት የውሃ ብርጭቆ ግን ንቅንቅ አላለም። ያን ጊዜ ትዝ ያሉኝ እርስዎ ነዎት፤ ያን ብርጭቆ ጸጥ ያደረገው ከባቡሩ ይልቅ ሐዲዱን እንዲያ አስተካክለው ያነጠፉትና ሌሊት ሌሊት እየዞሩ የሚፈትሹት ሰዎች እጅ እንደሆነ ከእርስዎ የተማርኩት ነውና።

ይሁን እንጂ ሚኪያስ አንድ ነገር ዘልሏል። እ.ኤ.አ. በ1981 በከፊል፣ በ1983 ደግሞ ሙሉ በሙሉ የተከፈተው ይህ መስመር የተሠራው ለፍጥነት ብቻ ተብሎ አልነበረም፤ የድሮው መስመር መንገደኛውም ጭነቱም ተደራርቦበት ሞልቶ ስለነበር ነው። አዲሱ ሐዲድ መንገደኛውን ሲወስድ አሮጌው ለጭነቱ ተለቀቀ። በአንደኛው ጫፍ ከነአካባቢዋ 12 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ፓሪስ፣ በሌላው ጫፍ የአገሪቱ ትልልቅ ከተሞች አንዷ የሆነችው ሊዮን ስላሉ፣ ለግንባታው የወጣው ብድር በአሥር ዓመት ከጥቂት ፈቀቅ ባለ ጊዜ ተመልሷል። ከዚያ በኋላ የተሠሩት መስመሮች ግን ሁሉም እንዲህ አልሆነላቸውም፤ የባቡሩ ድርጅት ዕዳ እየተቆለለ ሄዶ፣ በመጨረሻ 35 ቢሊዮን ዩሮ የሚሆነውን መንግሥት በራሱ ላይ አዙሮታል። የመንግሥት ማለት ደግሞ ባቡሩን ተሳፍሮ የማያውቀው ገበሬና የቀን ሠራተኛ ጭምር የሚከፍሉት ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ልቤን የነካውን ልንገርዎት። ገንዘቡና ትኩረቱ ለብዙ ዓመታት ወደ አዳዲሶቹ ፈጣን መስመሮች ሲያዘነብል፣ ሕዝቡ በየቀኑ የሚሄድባቸው ተራ ሐዲዶች እያረጁ ሄዱ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2013 ከፓሪስ በስተደቡብ ብሬቲኒ በምትባል ከተማ ጣቢያ ላይ አንድ ተራ የመንገደኛ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ 7 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ ሁለት ሐዲዶችን የሚያያይዘው ብረት ብሎኖቹ ላልተው ከቦታው መነቀሉ ነበር። ይህን ሳነብ፣ ልጅ ሳለሁ ከድሬዳዋው ሰፈራችን ከከዚራ ወጣ ብለን ሐዲድ ሐዲዱን እየተከተልኩዎት ስንሄድ፣ ረጅሙን መዶሻ አንሥተው ብረቱን መታ አድርገው ጆሮዎን ዘንበል ያደርጉ የነበረው በዓይኔ መጣብኝ። ድምፁ ጠርቶ ከጮኸ አልፈው ይሄዱ ነበር፤ ከታፈነ ግን ቁልፍዎን ያወጡ ነበር። በጥር 1977 አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከ400 በላይ ሰው ያለቀ ጊዜስ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጡ እማዬ ነግራኛለች። ሐዲዱ ሊሸከመው የማይችለው ፍጥነት ምን እንደሚያደርግ ከእርስዎ በላይ ለሚኪያስ የሚያስረዳው የለም።

ወደ እኛው ልመለስ። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጂቡቲ መስመር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር የፈጀና አብዛኛው ገንዘቡ ከቻይና የተበደርነው ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ የመንገደኛው ባቡር በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ የታሰበ ነው። የብድሩ መክፈያ ዘመን ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም መለመን ግድ ሆኖብናል። ትኬቱ የሚሸጠው በብር ነው፤ ዕዳው የሚከፈለው በዶላር ነው። በዚህ ላይ ሌላ የፈጣን ባቡር ዕዳ ቢጨመር ማን ይሸከመዋል? ደግሞም የአገራችን የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በጂቡቲ ስለሚያልፍ፣ ሐዲዱን የሚያኖረው ማዳበሪያው፣ ስንዴውና ኮንቴይነሩ ነው፤ በ300 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ባቡር የሚሄድበት መስመር ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ላለ ከባድ ጭነት ተብሎ አይሠራም።

ሚኪያስ ሞሮኮን ቢያነሣብዎት እውነት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ከታንጀር ካዛብላንካ የጀመሩት ፈጣን ባቡር አምስት ሰዓት ይጠጋ የነበረውን መንገድ ወደ ሁለት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ አውርዶታል፤ ለአፍሪካም የመጀመሪያው ነው፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን እነሱ ሙሉውን መንገድ አዲስ አልሠሩም፤ ከታንጀር እስከ ከኒትራ ብቻ ፈጣን ሐዲድ ዘርግተው፣ ቀሪውን በነበረው መስመር ነው የሚሄዱት። የነበረውም በየቀኑ ሕዝብ የሚመላለስበት፣ በደንብ የሚሠራ ነበር። እኛ ገና ያ ላይ አልደረስንም።

ሌላው ጣቢያው የት ይቁም የሚለው ነው። ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ከብዶት በ1895 ቆላው ላይ ቢቆም፣ ለዘመናት የንግድ መናኸሪያ የነበረችው ሐረር ወደ ጎን ቀርታ፣ ሜዳው ላይ ድሬዳዋ ተወለደች። በድሮው መስመር ኤረር ጣቢያ ላይ በመስኮት በኩል ብርቱካን ያቀብሉን የነበሩት ሴቶች ኑሯቸው የባቡሩ መቆም ነበር፤ ባቡሩ ሲቀር የእነሱም ገበያ ቀረ። ፈጣን ባቡር ደግሞ በየጣቢያው ከቆመ ፈጣን አይሆንም። እዚህ በሰሜን ፈረንሳይ ከሁለት ከተሞች መካከል ሜዳ ላይ የተሠራ ጣቢያ ስላለ፣ ሰዎች «የቀይ ሥር ጣቢያ» ይሉታል፤ ዙሪያውን ያለው የስኳር ቀይ ሥር እርሻ ብቻ ነውና። አምና አገር ቤት መጥቼ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ከአዲሱ የድሬዳዋ ጣቢያ ስወርድ ይኸው ትዝ አለኝ። የሊዮኑ ጣቢያ ግን መሐል ከተማ ስለሆነ በእግሬ እሄዳለሁ። ባቡሩ ከአዲስ አበባ ስንት ሰዓት ፈጀ ብቻ ሳይሆን፣ እማዬ ዘንቢሏን ይዛ ከጣቢያው እስከ ከዚራ በምን ትመጣለች የሚለውም የጉዞው ሰዓት ነው።

ስለዚህ እኔ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ገንዘብ ከተገኘ ከአዳማ ወደ ድሬዳዋ ነጠላ በሆነው ሐዲድ ላይ ባቡሮች የሚተላለፉባቸው ቦታዎች ይብዙ፤ ግመልና ከብት የሚገቡበት በአጥር ይጠበቅ፤ መለዋወጫው በጊዜ ይግባ፤ ጣቢያውን ከከተማው የሚያገናኝ አውቶቡስ በባቡሩ ሰዓት ይቁም። ይህ በደንብ ሠርቶ መስመሩ ሰው የሞላበት ቀን፣ ሚኪያስ ስለ ፈጣኑ ባቡር የሚለውን ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ።

አንድ ነገር ይጻፉልኝ፦ በእርስዎ ዘመን በነጠላው ሐዲድ ላይ አንዱ ባቡር ሌላውን የት የት ይጠብቀው ነበር? ሚኪያስ ካርታ ላይ ምልክት እያደረገ ይላክልኝ፤ አብረን እናየዋለን።

እማዬን፣ ሚኪያስንና ጎረቤቶቻችንን ሁሉ ሳሙልኝ።

ልጅዎ፣
ሰላማዊት