ጨረቃዋና ሌላኛው ወረቀት

ይድረስ ለእህት ዓለም፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? «እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ ልቀጥል ስል ሳቄ መጣ። አራት ዓመት ሙሉ ድምፁን ያጠፋ ሰው ናፍቆት ቢያወራ ማን ያምነዋል? ለእማማ ለቅሶ አልደወልኩም። በመጀመሪያው ሳምንት ምን ብዬ ልጀምር፣ በሁለተኛው ወር ደግሞ አሁን በምን ፊቴ እያልኩ ዓመቱ ዞረ፤ ተዝካሩም አለፈ። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን። በእጃቸው የበላሁት ሽሮ ይፈርድብኛል። ይቅርታዬ ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ በላይ ከጻፍኩ ወረቀቱን ቀድጄ ሌላ አራት ዓመት እጠፋለሁና እንዳለ ተቀበይኝ።

ያስጻፈኝ አንድ ወረቀት ነው። «ፈረንጇ አማትሽ» እያልሽ ትቀልጂባቸው የነበሩት፣ እኔ ሳስታምማቸው የኖርኩት አሮጊት ባለፈው ጥቅምት አረፉ። ልጆቻቸው ፒያኖውን ሸጡ፤ ክዳን ያለውን መቀመጫውን ግን ገዢው አልፈለገውም። «ውስጡ ያለውን ጣዪና አንቺ ውሰጂው» አሉኝ። ክዳኑን ሳነሳው እስከ አፉ ሞልቷል፤ ሰማንያ ሦስት የኖታ ወረቀት። ሁሉም ሬዲዮ በየቤቱ ሳይገባ ሰው ዘፈንን በወረቀት ገዝቶ፣ ሳሎኑ ውስጥ ራሱ እየተጫወተ ይሰማበት ከነበረው ዘመን የቀሩ ናቸው። የገዟቸው የአሮጊቷ እናት ሲሆኑ በእያንዳንዱ ሽፋን ራስጌ ላይ ስማቸውን በእርሳስ ጽፈዋል።

ኖታ ማንበብ አልችልም፤ አንቺም አትችይም። ሽፋኖቹን ግን ብታያቸው! አንዱን ልንገርሽ። ሐይቅ ነው፤ ጀልባ ላይ ሁለት ሰዎች፣ ከበላያቸው ጨረቃ። የታተመው በሁለት ቀለም ብቻ ነው፤ ሰማያዊና ብርቱካን። ሁለቱ በተደራረቡበት ቦታ ጥቁር ቡናማ ወጥቶ የዛፎቹ ጥላ ሆኗል፤ ሠዓሊው ሦስተኛውን ቀለም በነጻ አገኘ ማለት ነው። ጨረቃዋ ላይ ደግሞ ምንም ቀለም የለም። ባዶ ወረቀት ናት። ወረቀቱ መቶ ዓመት ሙሉ ቢጫ እየሆነ ሲሄድ ጨረቃዋም አብራው እየበሰለች መጣች። ሥዕሉ አሁን ከታተመበት ቀን ይልቅ ያማረ ይመስለኛል።

(ጀርባው ላይ ተቀዶ ነበርና በማጣበቂያ ፕላስቲክ ጠገንኩት። አትጩኺ። በኋላ እመለስበታለሁ።)

የዚህ የሽፋን ሙያችን ጌቶች እነማን እንደነበሩ ታውቂያለሽ? ከእንግሊዝ የመጡ ዊልያምና ፍሬድሪክ ስታርመር የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ፤ ፊርማቸው «ስታርመር» ብቻ ነው፤ የትኛው ሥዕል የየትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። ዝነኛው አሜሪካዊ ሠዓሊ ኖርማን ሮክዌል እንኳ በ1918 (እ.ኤ.አ.) ለአንድ የጦርነት ዘፈን ሽፋን ሠርቷል። አሳታሚዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ በምዕራብ 28ኛው ጎዳና ላይ ተደርድረው፣ በየመስኮቱ ፒያኖ ስለሚንጫጫ ሰፈሩን በመጥበሻ ጩኸት ስም «ቲን ፓን አሊ» ብለው ጠሩት። ሱቁ ግን መስታወት አለው፤ በመስታወት አልፎ ዜማ አይሰማም፤ አላፊ አግዳሚውን የሚያስቆመው ሽፋኑ ነው። «ፊደሉ ካላማረ ዘፈኑ አይሸጥም» ትይ አልነበረም? ሥዕሉ መሐል ክብ ወይም ሞላላ ቦታ ይተዉና የዘፋኙን ፎቶ ያስገቡበታል፤ ሌላ ዘፋኝ ዘፈኑን ሲያነሳው ሥዕሉን ሳይነኩ ፎቶውን ብቻ ይቀይራሉ። ይህን ሳይ ያ የካሴት ሽፋን እንሠራበት የነበረው የፒያሳው ጓዳችን፣ የቀለሙ ሽታ፣ ግድግዳው ላይ የተደረደሩት የካሴት ሽፋኖች ፊቴ ድቅን አሉ።

ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው አትበይኝ። ባልቲሞር ባለው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሌስተር ሌቪ የሚባሉ ሰው የሰበሰቡት ከ29,000 በላይ የኖታ ወረቀት አለ፤ በኮምፒውተር ሽፋን ሽፋኑን ማየት ይቻላል። የሌሊት ተረኛ ስሆን አሁን የማስታምማቸው ሰው ይተኛሉ፣ እኔ አገላብጣለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ፤ እየዞርኩበት እንደሆነ ገብቶሻል።

ከመቀመጫው ሥር፣ ከሁሉ በታች፣ አንድ ሌላ ወረቀት ነበረ። በረንዳ ላይ የተቀመጠ የጥቁሮች ቤተሰብ ነው። አሣሣሉ ድንቅ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። የበረንዳው ሳንቃ አንድ በአንድ ተሥሏል፤ እንጨቱ የተሰነጠቀበት ሳይቀር ይታያል። ደረጃው ላይ የተኛው ውሻ የራሱ ፊት አለው፤ አንድ ጆሮው ታጥፏል፤ ቢጠሩት የሚነሳ ይመስላል። አምስቱ ልጆች ግን በመካከላቸው ያላቸው አንድ ፊት ነው፤ አፉ እስከ ጆሮ የተዘረጋ፣ ዓይኑ ነጭ ብቻ። ማኅተም እንደመምታት አምስት ጊዜ ተመቶባቸዋል። ለውሻው የተጨነቀው እጅ ለልጆቹ አልተጨነቀም። ፊርማ የለውም። ሠዓሊው አፍሮ ይሆናል ልል ነበር፤ ነገር ግን ከቆንጆዎቹም ብዙዎቹ ፊርማ የላቸውም። እንዲህ ያለው የማላገጫ ዘፈን በ1890ዎቹ እንደ ጉድ ይሸጥ ነበር።

ልጄ አየችው። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ያቺ አቅፈሽ ያስተኛሻት። ከኋላዬ ቆማ፣ «እማዬ፣ እነዚህ እኛ ነን?» አለችኝ።

ምን ብዬ እንደመለስኩላት ልንገርሽ ወይስ ይቅር? «አይደለንም፤ እኛ ሐበሾች ነን» አልኳት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ዝም ብላ ወረቀቱን ካየች በኋላ፣ «የሣለው ሰውዬ ልዩነቱን ያውቃል?» አለችና ወደ ክፍሏ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀቱ ፍራሼ ሥር ነው፤ እኔም ከላዩ ላይ እንቅልፍ የለኝም።

አሮጌ ዕቃ ለሚሸጥ ሰው ሁለቱን ወስጄ አሳየሁት። ለጨረቃዋ አራት ዶላር፣ ለዚያኛው ስልሳ ዶላር እሰጣለሁ አለኝ። ፈላጊው ብዙ ነው አለ፤ ለምን እንደሚፈልጉት አልጠየቅሁትም። ስልሳ ዶላር ለእኔ ብዙ ገንዘብ ነው። ይዤው ተመለስኩ። ልቀደው ብል እጄ አይታዘዝም፤ የሴትዮዋ የእርሳስ ጽሑፍ አለበት፤ ያ ውሻም አለ። ልስቀለው? በየትኛው ግድግዳዬ?

እንዳልኩሽ አገላብጣለሁና አንድ ነገር አገኘሁ። በርት ዊልያምስና ጆርጅ ዎከር የሚባሉ ሁለት ጥቁር የመድረክ ሰዎች በ1906 (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ ላይ «አቢሲኒያ» የተባለ የሙዚቃ ተውኔት አሳይተዋል። አጼ ምኒልክ እዚያ አገር ቤት ዙፋናቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ እዚህ መድረክ ላይ ምኒልክ ሆኖ የሚጫወት ሰው ነበረ ማለት ነው! ያኔ ጎታም-አተክስ የሚባል የጥቁሮች አሳታሚ እዚያው 28ኛው ጎዳና ላይ ነበረ፤ የእነ ዊልያምስን ዘፈኖች ያሳትም ነበር፤ እኔ ባየኋቸው ሽፋኖቹ ላይ ያ ፊት የለም። ለልጄ ላሳያት ሮጥኩ። ግን መንገድ ላይ ሌላ ነገር አነበብኩ፤ ዊልያምስ ራሱ፣ ጥቁሩ ሰውዬ፣ መድረክ ላይ ሲወጣ ፊቱን በተቃጠለ ቡሽ ያጠቁር ነበር። ሕዝቡ እንደዚያ ካልሆነ አያየውማ። ከበሯ ላይ ተመለስኩ።

ምክንያቱም ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ እሱ አልነበረም። ስለዚያች ዘፋኝ ልጅ ነው፤ የመጀመሪያ ካሴቷን ስላወጣችው። አሠሪያችን ፎቶዋን ጠረጴዛችን ላይ ጥሎ «ቀላ አድርጓት፤ አፍንጫዋንም ሰልከክ» አለ። አንቺ ብሩሽሽን አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ ከረጢትሽን አንግተሽ ወጣሽ። ቁጣ የለ፣ ቃል የለ። ብሩሹን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ታውቂያለሽ። የማታውቂው ካሴቱ ከወጣ በኋላ ልጅቷ መጥታ እንደነበረ ነው። ሽፋኑን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ቆየችና «ቆንጆ ናት» አለች፤ ስለ ሌላ ሰው እንደሚወራ። እኔም «አዎ» አልኳት። ያንቺን ደመወዝ ጨምሮልኝ ነበር። ይህንንም እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም።

አየሽ፤ የለቅሶው ነገር እውነት ነው፤ ያፈርኩት ግን በእሱ ብቻ አልነበረም።

ለመሆኑ እጅሽ ደህና ነው? አሁንም ፊደል ትጽፊያለሽ? ያ የሚንቀጠቀጠው ጣትሽ ተሻለው? ባልሽስ አሁንም ቡናውን በጨው ይጠጣል?

ልጄ ወረቀቱን የት እንዳደረስኩት ጠይቃኝ «እፈልግልሻለሁ» ብያታለሁ። ከእኔ ይልቅ አንቺ ብትነግሪያት እወዳለሁ፤ ብሩሽ ያስቀመጠ ሰው ሲነግራት ይሻላል። የፊታችን ቅዳሜ በእናንተ አቆጣጠር ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ፤ እሷም አጠገቤ ትሆናለች። ካላነሳሽው እሑድ እደግመዋለሁ።

ፕላስቲኩን ግን በምን ላላቅቀው? ጠርዙ ጨረቃዋን ነክቷታል።

ያንቺው፣
ብሩሽ አንሺዋ