ባሕር ዛፉ ዝናቡ ሳይገባ ይቆረጥልን

ይድረስ ለአካባቢያችን የኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ኃላፊ
ባሉበት

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከእንጦጦ ማዶ ካለ መንደር ነው። ከተማው ደርሶብናል፤ ገና አልዋጠንም። ግማሻችን ያርሳል፣ ግማሻችን በጠዋት ታክሲ ተጋፍቶ መሀል ከተማ ይሠራል። መብራታችን ግን አንድ ነው። እሱም ክረምት በገባ ቁጥር ይሄዳል።

ስለ ኃይል እጥረት ልወቅስዎ አይደለም። የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ክረምት ደግሞ ግድብ የሚሞላበት ወቅት ነው። የእድራችን ሽማግሌዎች «ውኃው ሞልቶ እኛ የምንጨልመው ለምንድን ነው?» ይሉኛል። ኃይሉማ አለ። የተበላሸው የሚመጣበት መንገድ ነው።

15 ሺህ ቮልት የተሸከመው መስመር ወደ እኛ የሚደርሰው ባሕር ዛፍ ለባሕር ዛፍ ነው። ሽቦው ሲዘረጋ ዛፉ ገና ችግኝ ነበር፤ አሁን አልፎት ሄዷል። ንፋስ ሲነሳ ቅርንጫፉ ሽቦው ላይ ይተኛል። እርጥብ ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ትራንስፎርመሩ ላይ ያለው ፊውዝ ይቃጠላል፣ መንደሩ ድርግም ይላል።

ታዲያ ለምን አይቆረጥም? ይሄኛው ነው ውስብስቡ። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ለአዲስ አበባ ማገዶ ነበር። ዛሬ ለሰፈራችን ገበሬ ባንኩ ነው። ልጅ ሲድር፣ ሰው ሲታመምበት ቆርጦ ይሸጣል። ነገ አጣና የሚሆነውን ዛፍ ዛሬ በማገርነቱ ቁረጥ ሲባል ቅር ቢለው አልፈርድበትም። ደግሞ ቢቆረጥም ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ በጥቂት ዓመት ተመልሶ ሽቦው ጋ ይደርሳል። ስለዚህ በየዓመቱ ጫፍ ጫፉን መልምሎ መሄድ ለእናንተም ድካም፣ ለእኛም ትርፍ የሌለው ነው። ጉቶው ተነቅሎ ከመስመሩ ሥር ጌሾ ወይም ድንች ቢተከል ይሻላል። ጌሾም ቢሆን ይሸጣል፤ ሽቦውንም አይነካም።

ይህን ሁሉ የምለው ቤት ውስጥ ያለውን ስለማውቅ ነው። ሊጥ አንዴ ከቦካ መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም፣ ይኮመጥጣል። ሚስቶቻችንና እናቶቻችን በኤሌክትሪክ ምጣድ ከጭስ ተገላገልን ብለው ነበር። አሁን እንደገና ቅጠል ለቀማ ወጥተዋል፣ ያውም እርጥብ ቅጠል። መብራቱ ቢኖርም ማታ ማታ ኃይሉ ስለሚደክም ምጣዱ አይግልም። የወፍጮ ቤቱን ወረፋ እንኳን አያንሱት።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ከሰሉ ነው። ክረምት ብርድ ስለሆነ ሰው በርና መስኮቱን ዘግቶ ከሰል ያነዳል። ብዙዎቻችን «ፍም ከሆነ፣ ጭሱ ካለቀ ችግር የለውም» እንላለን። ገዳዩ ጋዝ ግን አይታይም፣ አይሸትም፤ ከቀላው ፍምም ይወጣል። በእድር ስብሰባ ደጋግሜ የምናገረው ይህንን ነው፤ ምድጃው ከመተኛታችሁ በፊት ደጅ ይውጣ፣ መስኮት ገርበብ ይበል። አንዳንዱ «ጸሐፊው ደግሞ ጀመረው» ብሎ ይስቃል። ይሳቅ።

መብራት ሲመጣም ሌላ ጣጣ አለ። ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) ተበጥሶ ከሆነ 220 ቮልት መግባት ያለበት ቤት እስከ 380 ሊገባበት ይችላል። ፍሪጅና ቴሌቪዥን የሚቃጠለው ያኔ ነው። እኛ ዘዴ ይዘናል። መብራት እንደሄደ ሁሉንም ከሶኬት እንነቅላለን፣ አንድ አምፖል ብቻ ክፍት እንተዋለን። ተመልሶ ሲመጣ አምፖሉ ከልክ በላይ ካበራ ዋናውን ብሬከር እናጠፋለን። ቮልቴጅ የሚያስተካክል ስታቢላይዘር የሚገዛ አለ፣ ትንሽ ሶላር የጣለም አለ። አቅም የሌለው በእጅ ባትሪና በሻማ ያመሻል። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ለብሔራዊ ፈተና የሚያጠኑት እንዲህ ነው፤ ፈተናው ክረምት መግቢያ ላይ መሆኑን ያውቃሉ።

ለመሆኑ ስንደውል ለምንድን ነው ሁልጊዜ «እየተሠራ ነው» የምንባለው? የአንድ ሰዓት ነው ወይስ የሦስት ቀን? ሦስት ቀን ከሆነ ሦስት ቀን በሉን፤ ሊጡን አናቦካም፣ ሥጋውን ቋንጣ እናደርገዋለን። አጭር መልእክት ለእድሩ ቢደርስ ጡሩምባ አስነፍተንም ቢሆን ለሰዉ እናሳውቃለን።

አሁን ወደ ልመናዬ። ግንቦት ሳያልቅ መስመሩ ለአንድ ቀን ይጥፋና ባለሙያዎቻችሁ ይምጡ። ሽቦው አጠገብ ያለውን እነሱ ይቁረጡ፤ እሱ የኛ ሥራ አይደለም፣ ሰው ይገድላል። መጎተቱን፣ ጉቶ መንቀሉን፣ ማጽዳቱን እድሩ ይችለዋል። የዛፎቹን ባለቤቶች አነጋግረናል። እንጨቱ ለራሳቸው ከቀረ አብዛኞቹ እሺ ብለዋል። እምቢ ያሉም አሉ፤ የእናንተ ሰው ቀርቦ ቢያስረዳቸውና ካሳ ይገባቸው እንደሆነ በግልጽ ቢነግራቸው የሚለዝቡ ይመስለኛል።

ባለሙያዎቹ እግረ መንገዳቸውን ትምህርት ቤቱ መታጠፊያ ላይ ያለውን የእንጨት ምሰሶም ይዩልን። ከሥሩ በስብሶ በገመድ ታስሮ ነው የቆመው። ልጆች በሥሩ ያልፋሉ።

ቀኑን እርስዎ ይቁረጡልን። ቅዳሜ ገበያ ነው፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያንም ለቅሶም አለ። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ቢሆን ብዙ ሰው ይወጣል፤ ምሳና ቡና በእኛ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የእድሩ ጸሐፊ