ስንቅ ይዘው ከበር ለሚመለሱት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ወሎ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ማረሚያ ቤት ለዘመዴ ስንቅ አመላልሳለሁ። ስለ ጥፋቱ አልከራከርም፤ ፍርድ ቤት ጨርሶታል። የምከራከረው ስለ በሩ ነው። ከደላንታ ሌሊት ተነሥተው የመጡ እናት «ሰዓት አልፏል» ተብለው ሲመለሱ አይቻለሁ፤ ያውም ፈታሹ እንጀራቸውን ዘርግቶ፣ ወጡን በማንኪያ አገላብጦ፣ እሳቸውኑ አስቀምሶ ካበቃ በኋላ! ፍተሻው ይሁን፣ ግድ ነው። ሰዓቱ ካለፈ ግን ምኑን ፈተሹት?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ታሳሪ በትዳር ጓደኛው፣ በቅርብ ዘመዶቹ፣ በጓደኞቹ፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በጠበቃው የመጎብኘት መብት ይሰጠዋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 ደግሞ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ፈጽሞ ጠባዩን ያሳመረ ሰው በአመክሮ እንዲለቀቅ ይፈቅዳል። ታዲያ ነገ ወደ ቀዬው የሚመለስን ሰው ዛሬ ከእናቱ ማቆራረጥ ምን የሚሉት እርማት ነው?

ከሩቅ ወረዳ የመጣ ጠያቂ እስከ ማታ ይስተናገድ። የመጠየቂያው ሰዓትም በየቀበሌው ይነገር፤ በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ዝናብ አጥቦታል፣ ባያጥበውም ማንበብ የማይችሉ እናቶች ብዙ ናቸው።

ስንቅ አመላላሹ፣ ከደሴ