ይድረስ ለእናቴ፦ ስለ ግራኑዌልና ስለ እግርሽ

ይድረስ ለማከብርሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔና ልጆቼ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ትልቁ የመጨረሻ ፈተናውን ወስዶ ውጤት ይጠባበቃል። ትንሿ በቁመት በልጣኛለች፤ ባለፈው ሰሞን ደግሞ ያን የምትወጂውን ፀጉሯን ሳታስፈቅደኝ እስከ ጆሮዋ ድረስ ተቆርጣ መጣችና ብቆጣት፣ «ግራኑዌልም ተቆርጣለች» ብላ መለሰችልኝ። ይህን በስልክ ስነግርሽ ግራኑዌል የምትባለው ማን እንደሆነች ጠይቀሽኝ ነበር፤ መስመሩ ተቋረጠና ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ወንድሜ ረጋ ብሎ እንዲያነብልሽ ዛሬ በሰፊው እጽፍልሻለሁ። ስለ እግርሽም የምለው አለኝ፤ እርሱን ወደ ኋላ እደርስበታለሁ።

ግራኑዌል፣ እንግሊዞች ግሬስ ኦማሊ የሚሏት ሴት፣ እኛ በምንኖርበት በምዕራብ አየርላንድ፣ በሜዮ አውራጃ፣ በ1530 ገደማ የተወለደች የባላባት ልጅ ናት። (ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) አባቷ የኦማሊ ጎሣ አለቃ ነበር፤ የዚያ ቤት ሀብት ደግሞ ከመሬቱ ይበልጥ ከባሕሩ የሚገኝ ነበር። ክሉ ቤይ በሚባለው ወሽመጥ ዳርቻ ግንብ ሠርተው፣ በአካባቢያቸው ዓሣ የሚያጠምደውን ሁሉ ቀረጥ ያስከፍሉ፣ በራሳቸው መርከብ ደግሞ እስከ ስፔን ድረስ ይነግዱ ነበር። ልጅ ሳለች አባቷን ተከትላ ወደ ስፔን ልሂድ ብትል፣ ረጅም ፀጉርሽ በመርከቡ ገመድ ይያዛል ብለው ቢከለክሏት ፀጉሯን ከሥሩ ቆርጣ ቀረበች ይባላል። ይህ ሰው ሲቀባበለው የኖረ ወሬ እንጂ በሰነድ የተገኘ አይደለም፤ የልጅ ልጅሽ ግን ከታሪኩ ሁሉ የያዘችው ይህንኑ ነው።

በሰነድ የተገኘው ከዚያ ይበልጥብኛል። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ለሌላ ባላባት ቤት፣ ለኦፍላኸርቲ ልጅ ተዳረች፤ ኦወንና ሙሮ የሚባሉ ሁለት ወንዶች ልጆችና ማርጋሬት የምትባል ሴት ልጅ ወለደች። ባሏ በጎሣ ጠብ ሞተ። በአገሩ ልማድ ደግሞ ባሏ የሞተባት ሴት ከርስቱ ድርሻ አልነበራትም፤ ብታገኝ ወደ ባሏ ቤት ይዛው የገባችውን ሀብት ነው፤ እርሱንም ባልየው በሕይወት ሳለ ጨርሶት ይገኝ ነበር። ይህን የነገረችን ሌላ ሰው አይደለም፤ ራሷ በስተርጅና፣ በ1593፣ የእንግሊዟ ንግሥት ዋና አማካሪ ሎርድ በርሊ አሥራ ስምንት ጥያቄ በጽሑፍ አቅርቦላት በሰጠችው መልስ ያስረዳችው ነው። በዚያው ዓመት ባቀረበችው አቤቱታም፣ ለአርባ ዓመት ያህል ራሷንና ሰዎቿን በባሕርና በየብስ ለማስተዳደር እንደተገደደች ገልጻለች። ባሏ ሲሞት ባዶ እጇን ወደ አባቷ አገር ተመለሰች፤ ከወሽመጡ አፍ ላይ ባለችው በክሌር ደሴት ሰፈረች፤ ሁለት መቶ ያህል ሰዎችም አብረዋት ሸፈቱ። በመቅዘፊያም በሸራም በሚሄዱ መርከቦች እየወጣች ወደ ጎልዌይ የሚያልፉትን ነጋዴዎች ታስከፍል ጀመር። እምቢ ያለውን ትዘርፈው ነበር፤ ይህን ላለማየት ታሪኳን አላሳምርልሽም።

እማዬ፣ ይህን ሳነብ በእኛ አቆጣጠር የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ አንቺ የያዝሽው መንገድ ነው የታየኝ። የአያቴ ቤት ልጅ ባቡር ላይ ወጥታ ከድሬዳዋ ሻሽና ናይለን ጨርቅ ታመላልሳለች ተብሎ ዘመድ ሁሉ ሲያፍርብሽ፣ የዚያው ዘመድ ልጆች ጫማ የሚያደርጉት አንቺ በምታመጪው ገንዘብ ነበር። ጨርቁን ከቀሚስሽ ሥር ወገብሽ ላይ ጠምጥመሽ ገብተሽ፣ በሩን ዘግተሽ፣ እኔ አንዱን ጫፍ ይዤ አንቺ እየዞርሽ የምንፈታው ትዝ ይለኛል፤ ጨርቁ በላብሽ ርሶ ይሞቅ ነበር። ወገብሽ ላይ የቀረው ቀይ ሰንበር ለቀናት አይጠፋም ነበር። አዋሽ ላይ ፍተሻ በጠበቀ ጊዜ ስትዘገዪ ሌሊቱን ሳልተኛ አነጋ ነበር፤ ይህን ነግሬሽ አላውቅም።

ወደ ግራኑዌል ልመለስ። ሁለተኛ ባሏ ሪቻርድ በርክ ሮክፍሊት የሚባል ግንብ ነበረው። ቦታው ከእኛ ቤት ሩቅ ስላልሆነ ልጆቹን ይዣቸው ሄጃለሁ። አራት ፎቅ ያለው ቀጭን የድንጋይ ግንብ ነው፤ ማዕበሉ ሲሞላ ውኃው እስከ ግድግዳው ሥር ይደርሳል፤ ሲጎድል ደግሞ ጥቁር የባሕር አረምና ጭቃ ብቻ ይቀራል። ማታ ማታ የመርከቧን ገመድ በግድግዳው ቀዳዳ አስገብታ አልጋዋ ላይ አስራው ትተኛ ነበር ይላሉ፤ መርከቧን የነካ ሰው እርሷን እንዲቀሰቅሳት። በ1574 ከጎልዌይ በባሕር የመጣ የእንግሊዝ ጦር ይህን ግንብ ከቦ ነበር፤ እርሷ ግን አሳፍራ መልሳዋለች። ከሪቻርድ የወለደችውን ቲቦትን መርከብ ላይ ሳለች ወለደችው ይባላል፤ በማግሥቱ የአልጄሪያ ወንበዴዎች መርከቡን ሲይዙባት ከአራስ ቤት ተነሥታ ጠመንጃ ይዛ ወጣች ብለው ይጨምሩበታል። የአየርላንድ የእንግሊዝ እንደራሴ የነበረው ሄንሪ ሲድኒ ደግሞ በ1577 ሦስት መርከብና ሁለት መቶ ተዋጊ ይዛ እንደቀረበችው፣ ባሏም አብሯት መጥቶ እንደነበር፣ በባሕርም በየብስም ከባሏ የምትበልጠው እርሷ እንደሆነች ጽፏል።

አንድ የሚያስቆጣኝ ነገር አለ። ከሞተች ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ የአገሯ መነኮሳት የአየርላንድን ታሪክ ከጥንት ጀምረው በዓመት በዓመት ሰብስበው ሲጽፉ፣ ባሎቿንና ዘመዶቿን እየጠሩ የእርሷን ስም ሳያነሡ አለፉ። ዛሬ ስለ እርሷ የምናውቀው እውነተኛ ነገር አብዛኛው ጠላቶቿ ለንደን ላሉት አለቆቻቸው ከላኩት ደብዳቤ የተለቀመ ነው። የወገን ዝምታ ይህን ያህል ከባድ ነው።

ከጠላቶቿ ዋነኛው ሪቻርድ ቢንግሃም የሚባል፣ በ1584 የምዕራቡ ክፍለ አገር ገዥ ሆኖ የተሾመ እንግሊዛዊ ነው። ለአርባ ዓመት ያህል በክፍለ አገሩ የተነሣውን አመፅ ሁሉ ያሳደገችው እርሷ ናት ብሎ ከሷታል። ከብቷን ነዳባት፤ ራሷንም በገመድ አሳስሮ የምትሰቀልበትን እንጨት አስተከለ። የበኩር ልጇን ኦወንን የቢንግሃም ወንድም ሰዎች አስረው ገደሉት። ሙሮ፣ ሁለተኛው ልጇ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ከወንድሙ ገዳዮች ጋር ወገነ፤ እርሷም መርከቧን አሰልፋ በገዛ ልጇ አገር ወረደች፣ መንደሩን አቃጠለች፣ ከብቱን ነዳች። ቲቦት በአገር ክህደት ተከሶ ሲታሰርና የአባቷ ልጅ ዶናልም ሲያዝ ግን ሌላ መንገድ መረጠች። በ1593፣ ስልሳ ዓመት ካለፋት በኋላ፣ ለብዙ ዓመት የወጋቻቸውን ሰዎች ንግሥት ልትለምን በመርከብ ወደ ለንደን ሄደች።

ንግሥት ኤልሳቤጥ ግሪኒች በሚባለው ቤተ መንግሥቷ ተቀበለቻት። ሁለቱም አሮጊቶች ነበሩ። አልሰገደችም፣ በላቲን ተነጋገሩ፣ አንዲት ወይዘሮ የሰጠቻትን ዳንቴል መሐረብ ተናፍጣበት እሳት ውስጥ ጣለችው እያሉ ብዙ ያወራሉ። የተረጋገጠው የንግሥቲቱ ደብዳቤ ነው፤ በመስከረም ለቢንግሃም ጽፋ ልጅየውና ወንድምየው እንዲፈቱ፣ ለሴትዮዋም ከልጆቿ ግብር ተቀንሶ የመጦሪያ እንዲሰጣት አዘዘች። ቢንግሃም እስረኞቹን ፈታ፤ ነገር ግን ወታደሮቹን በላይዋ አስፍሮ ያላትን አስበላባት። እርሷም አንድ ጊዜ ሄጃለሁ ብላ አልቀረችም፤ በ1595 ዳግመኛ ወደ ለንደን ተመለሰች።

እማዬ፣ ሰው ሁሉ በዚህ ታሪክ ንግሥቲቱንና ሽፍታይቱን ያያል። እኔ የማየው ማርጋሬትን ነው። ቢንግሃም የመስቀያውን እንጨት በተከለ ጊዜ ዋስ ሆኖ እናቲቱን ያስፈታት የማርጋሬት ባል ነበር። ማርጋሬት ራሷ ምን እንዳሰበች፣ ምን እንደጎደላት፣ እናቷ ለወንድሞቿ ስትሟገት እርሷ የት እንደነበረች የሚናገር አንድ መስመር አላገኘሁም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የሚያነብልሽ ወንድሜ ነውና እርሱም ይስማው፤ ሳይዘል ያንብብልሽ። እርሱ በአፈሳ የተወሰደ ጊዜ ንግድሽን ጥለሽ፣ የአያቴን ስም በክፉ ለሚያነሡት ሰዎች ዝቅ ብለሽ እጅ ነሥተሽ፣ ማመልከቻሽን ይዘሽ ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ድረስ ወጥተሽ በየበሩ ቆመሽ ልጅሽን ይዘሽው ተመለስሽ። ከሰው ሁሉ በላይ አድርጌ የማይሽ በዚያ ነው። እኔ በዚያው ዓመት ቤቱንና ትንንሾቹን የሚይዝ ሰው ስላልነበረ ከስምንተኛ ክፍል ወጣሁ። መምህሬ ቤት ድረስ መጥቶ ሲለምንሽ፣ «ሴት ልጅ ናት፣ ትደርስበታለች» ብለሽ ቡና አጠጥተሽ ሸኘሽው። ደረስሁበት፤ በማታ ትምህርት፣ ልጅ አዝዬ፣ ከእኩዮቼ ሁሉ ኋላ። ስመረቅ አቅፈሽኝ አልቅሰሻል፤ ስለዚያ ቀን ግን አንድ ቃል አልተናገርሽም። ለእርሱ የቆምሽበት በር ስንት ነው? ለእኔ የአንድ ዳይሬክተር በር ማንኳኳት ምን ነበረበት? ይህን በልቤ ይዤ እዚህ ድረስ መጥቻለሁ፤ ሳልነግርሽ እንድትሄጂብኝ አልፈልግም።

ይኸው የፈራሁትን ቃል ጻፍሁት። ወንድሜ የእግርሽን ፎቶግራፍ ልኮልኛል፤ እኔም ነርስ ነኝና አንቺ ከምትነግሪኝ ይልቅ ያየሁትን አምናለሁ። ሁለቱ ጣቶችሽ ጠቁረዋል። ስኳርሽ እንዲህ ከፍ ብሎ ሳለ ያ ቁስል በቅባት አይድንም፤ ጠበልሽን ጠጪ፣ ጸሎትሽን ጸልይ፣ ነገር ግን ጣቶቹ ካልተነሡ ጥቁረቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያን ጊዜ የሚጠየቀው እግርሽ ነው፣ ቀጥሎም አንቺ ራስሽ። ያ ወጣት ሐኪም ኮሪደር ላይ አስቁሞ፣ ፊትሽን እንኳን ሳያይ «ይቆረጣል» ማለቱ እኔንም አሳዝኖኛል፤ በሥራዬ እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግ አይቼ ዝም አልልም። ተቀይመሽ መውጣትሽን አልነቅፍም። ቂሙ ግን ቁስሉን አያቆመውም፤ ዳግመኛ መሄድ አለብሽ።

የምለምንሽ ይህን ነው። ለወንድሜ በየበሩ ቆመሽ ነበር፤ አሁን ለእኔ ብለሽ በዚያች አንዲት በር ግቢና ወረቀቱ ላይ ፈርሚ። ያለብሽን ዕዳ በዚህ እቆጥረዋለሁ፤ ሌላ አልጠይቅሽም።

ረቡዕ ጠዋት ቀጠሮ ተይዞልሻል፤ የሚቆርጥሽም የተናገረሽ ሳይሆን ሌላ፣ በዕድሜ የበሰለ ሐኪም ነው፤ ራሴ በስልክ አነጋግሬዋለሁ። ገንዘቡን በወንድሜ ስም ልኬያለሁ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ምግብ እንዳትቀምሺ፤ የጠዋቱን የስኳር መርፌሽን ግን ሐኪሙ ሳይነግርሽ አትውሰጂ። ደረጃው ላይ ወንድሜ ይደግፍሽ፤ ነጠላሽን በእግርሽ እንዳትረግጪ። ፈቃድ ስለተሰጠኝ ቅዳሜ እደርሳለሁ፤ ትንሿም አብራኝ ትመጣለች፤ ፀጉሯን አይተሽ እንዳትቆጪያት። ስትፈርሚ ወዲያው ከዚያው ደውሉልኝ፤ ስልኬን ከእጄ አልለየውም።

የምትወድሽ ልጅሽ