የቮልስንና የካርማን ጊያን ፍሪሲዮን በካኔሎ አትፍቱ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ በባሕር ዳር ጋራዦች ደጃፍ «ፍሪሲዮኑ ጠነከረ» ወይም «ማርሽ አልገባ አለ» ተብለው የሚቆሙ አሮጌ ቮልሶች አይጠፉም። አልፎ አልፎም የቮልስ ታናሽ እህት የሆነችው ስፖርት መኪና ካርማን ጊያ ትመጣለች። ሥራው ከባድ አይደለም። የሚያሳዝነን ዕቃው ዝጎ አልፈታ ሲል መጀመሪያ ካኔሎ (የኦክሲጅንና የአሴቲሊን እሳት)፣ ቀጥሎ መዶሻ መነሣቱ ነው። ይህን የምንጽፈው ካኔሎው እንዲቀር ለመለመን ነው። የእነዚህ መኪኖች ካምቢዮ ቤት ከብረት የተሠራ አይደለም፤ አሉሚኒየምም አይደለም። የማግኒዚየም ቅይጥ ነው።

የሚጠራጠር ሰው በቀላሉ ያረጋግጥ። ከካምቢዮው ላይ ጥፍር የምታህል ቦታ በሞረድ ፍቆ አንድ ጠብታ አቼቶ ያንጠባጥብበት። ማግኒዚየም ከሆነ ወዲያው አረፋ ያወጣል፤ አሉሚኒየም ዝም ይላል። ከዚያ ቦታውን በውኃ አጥቦ ማድረቅ ነው። ማግኒዚየም 650 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ የኦክሲጅንና የአሴቲሊን ነበልባል ደግሞ 3,000 ዲግሪ ያልፋል። ወፍራሙ የካምቢዮ ቤት ቶሎ ላይቀጣጠል ይችላል፤ ፍቅፋቂውና ቀጭኑ ጠርዝ ግን ይቀጣጠላል። አንዴ ከተነሣ በውኃ አይጠፋም፤ ውኃ ሲነካው ሃይድሮጂን ስለሚፈጠር ይብስበታል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያም አይሠራለትም። የሚያፍነው በደንብ የደረቀ አሸዋ ነው፤ እርጥብ አሸዋ አደገኛ ነው። የቤንዚኑ ጎማም በዚያው አካባቢ እንደሚያልፍ አትርሱ።

ካርማን ጊያ እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1974 የተሠራች ስትሆን ከሥር ያለው ሁሉ የቮልስ ነው። ስለዚህ የምንለው ለሁለቱም ይሠራል። ከፔዳሉ የሚነሣው ገመድ በወለሉ መሀል ባለው ዋሻ ውስጥ አልፎ ከኋላ ይወጣና በጠምዛዛ መሸፈኛ ቱቦ በኩል ወደ ካምቢዮው ግራ ጎን ይደርሳል። እዚያ የፍሪሲዮኑን ክንድ ይይዛል፤ ጫፉ ላይ ባለ ጆሮ ዳዶ አለ። ክንዱ የተቀመጠው በካምቢዮ ቤቱ ውስጥ ለውስጥ በሚያልፍ አግዳሚ ዘንግ ጥርስ ላይ ነው። ዘንጉ ሲዞር ኩሽኔታውን ወደ ፍሪሲዮኑ ይገፋል። ከአባይ ማዶም ይምጣ ከዘጌ በኩል፣ መኪናው በክረምት ይዞት የሚገባው ጭቃ የሚከመረው እዚያ ክንድና ዳዶ ላይ ነው። የጣና ውኃ ጨው የለውም፤ ነገር ግን ብረትና ማግኒዚየም በተገናኙበት ቦታ እርጥበት ብቻውን ይበቃል። ነጭ ዱቄት የመሰለው ነገር የማግኒዚየሙ ዝገት ነው፤ ብሎኑን እንደ ሲሚንቶ የሚይዘውም እሱ ነው።

ከዳዶው ጀምሩ። ቁልፍ ከማንሣታችሁ በፊት ከዳዶው ጀርባ ተርፎ የሚታየውን የገመዱን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፤ ዳዶው ሲወጣ የሚያልፈው በዚያ ላይ ነውና ጭቃ ካለበት መንገድ ላይ ይነክሳል። ከዚያ የካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ቀላቅሉ። የሚፈለገው ዘይት የአውቶማቲክ ካምቢዮ ቀዩ ዘይት ነው። ሁለቱ ስለሚለያዩ በየጊዜው መናጥ ያስፈልጋል። ጠዋት፣ ማታና በማግሥቱ ጠዋት ጠብ ጠብ አድርጉበት። አሴቶን ቀለምና ጎማ ይጎዳል፤ ትነቱም ይቀጣጠላል፤ በአጠገቡ ሲጋራም ቢሆን አይለኮስ። ስትፈቱ የገመዱን ጫፍ በግሪፕ ፒንሳ ያዙ፤ ካልተያዘ ገመዱ አብሮ ተጠምዝዞ ውስጡ ይበጠሳል። መጀመሪያ ጥቂት ወደ ማጥበቂያው አዙሩ፣ ከዚያ ወደ መፍቻው፤ ሩብ ዙር ወዲህ፣ ሩብ ዙር ወዲያ። ከባድ ሲሆን ወደ ኋላ መልሱና ዘይት ጨምሩ። ይህ ሁሉ እምቢ ካለ ገመዱን ከክንዱ ፊት ለፊት ቁረጡት። ገመድ የሚቀየር ዕቃ ነው፤ ክንዱን ግን ባሕር ዳር ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።

ክንዱን ለማውጣት ክንዱን ከዘንጉ እንዳይወጣ የሚይዘውን ሴገር ቀለበት በፒንሳ ከፍታችሁ አንሡ። የመመለሻው ሞላ ተወጥሮ ስለሚቀመጥ ዐይናችሁን ጠብቁ፤ ጫፎቹ የት የት እንደተሰኩም በስልክ ፎቶ አንሡ። ክንዱና ዘንጉ ላይ አንድ ወጥ መስመር ጭረቱ፤ ሲመለስ አንድ ጥርስ ከተዛነፈ የፔዳሉ ልክ ይበላሻል። ክንዱ ዘንጉን ካልለቀቀ ባለ ሁለት እግር ትንሽ ፑለር (መንቀያ) ግጠሙ። ፑለሩን ወጥራችሁ አሥር ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ የክንዱን ጎን በትንሽ መዶሻ ቀለል አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት። የዘንጉን ጫፍ ግን አትምቱ። የተመታ ጫፍ እንደ እንጉዳይ ይሰፋና በቦኮላው (ዘንጉ በሚዞርበት ቀለበት) ውስጥ አላልፍ ይላል። ያኔ ሞረድ ይመጣል፤ የሞረዱ ፍቅፋቂ ቦኮላው ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ቦኮላውም ይበላል።

እስከዚህ ድረስ ሞተር ማውረድ አያስፈልግም። ዘንጉ ራሱ ከተያዘ ወይም ቦኮላው ካለቀ ግን ሞተሩ ይወርዳል። የባትሪውን ኔጋቲቭ፣ የቤንዚኑን ጎማና የጋዙን ገመድ ለዩ፤ አራቱ ሞተር ያዥ ብሎኖች በ17 ቁልፍ ይፈታሉ። ኩሽኔታውን አውጡ፤ በቤንዚን ግን አትጠቡት፣ ውስጡ ያለው ግራሶ ታጥቦ ካለቀ አይተካም። ቀጥሎ የግራውን ቦኮላ የሚይዘውን ትንሽ ብሎን ፍቱ። እሱ ከወጣ በኋላ ዘንጉን ወደ ግራ ገፍታችሁ ቦኮላውን ታወጣላችሁ፤ ከዚያ ዘንጉን ወደ ውስጥ መልሳችሁ በሞተሩ በኩል ትስባላችሁ። ይህን ብሎን ሳይፈቱ ዘንጉን በመዶሻ መደብደብ የካምቢዮ ቤቱን ይሰነጥቃል።

ካኔሎ የሚያስነሣውም ብዙውን ጊዜ ይህ ትንሽ ብሎን ነው። የሚፈታው ግን በፈላ ውኃ ነው። ማግኒዚየም ሲሞቅ የሚሰፋው ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ነው፤ ስለዚህ ቀዳዳው ከብሎኑ ቀድሞ ይከፈታል፣ ነጩ ዝገትም ይሰነጠቃል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። አሴቶኑን በጨርቅ ጠርጋችሁ በብሎኑ ዙሪያ ወፍራም ጨርቅ ጠምጥሙ፤ ከማንቆርቆሪያ ሁለት ሊትር ያህል የፈላ ውኃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱበት። አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ድገሙ። ሳይበርድ በባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ ፍቱ፤ ባለ አሥራ ሁለቱ የብሎኑን ራስ ያደቅቃል። አንዴ ካልሆነ ይቀዝቅዝ፣ ዘይት ይጠጣ፣ እንደገና ይሞቅ። ሦስትና አራት ጊዜ መመላለስ ያለ ነገር ነው።

ብሎኑ ከተቆረጠ መሀሉን በትክክል ነጥባችሁ በተሳለ ምላስ (የትራፓኖ መብሻ)፣ ትራፓኖውን በዝግታ እያዞራችሁ ብሱት። ውኃ አታድርጉበት። የሚወጣውን ፍቅፋቂ ሳይከመር በየጊዜው ጥረጉና ክዳን ባለው ደረቅ ጣሳ ውስጥ ከእሳት አርቁት።

አዲስ ቦኮላ ከነሐስ፣ በቶርኖ ቤት ማስወጣት ይቻላል፤ ነገር ግን አስቀድማችሁ ዘንጉን በካሊፐር ለኩ። የቀድሞዎቹ 16፣ የኋለኞቹ 20 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ በግምት ተሠርቶ የተመለሰ ቦኮላ ብዙ ነው።

የፔዳሉን ጉዳይ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ፍሬን ሲረገጥ የፍሪሲዮኑ ፔዳል አብሮ ከወረደ ጥፋቱ ከኋላ አይደለም፤ የፍሬኑ ፔዳል በፍሪሲዮኑ ዘንግ ላይ ዝጎ ተጣብቋል። በ13 ቁልፍ ሁለቱን ብሎኖች ፈትታችሁ ፔዳሎቹን አውጡ፤ ስፒናውን ከእሱ ጥቂት በሚቀጥን ብረት አስወጡና ዘንጉን በዚያው ቅልቅል ነክሩት። እዚህ ያለው ሁሉ ብረት ስለሆነ፣ ከመኪናው ከወረደና ዘይቱ ፈጽሞ ከተጠረገ በኋላ እሳትም ቢነካው ግድ የለም። ስትመልሱ ገመዱ ከፔዳሉ መንጠቆ እንዳይወድቅ አንድ ሰው ከኋላ ወጥሮ ይያዝ። ከወደቀ ዋሻው ውስጥ ገብቶ ግማሽ ቀን ያስፈልጋል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ፔዳሉ ፍሪሲዮኑን ሳይነካ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር በባዶ መውረድ አለበት። ባለ ጆሮው ዳዶ ሲጠብቅ ይህ ክፍተት ይቀንሳል። ከ10 ካነሰ ኩሽኔታው ሁልጊዜ ተጭኖ ያልቃል፤ ከ20 ከበለጠ ማርሹ ይጮኻል። መሸፈኛ ቱቦውም ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ወደ ታች መርገብ ይኖርበታል። ቀጥ ካለ መኪናው ሲነሣ ይንቀጠቀጣል፤ ከመጠን በላይ ከረገበ ፔዳሉ ይከብዳል፣ ገመዱም ይበጠሳል። ልኩ የሚስተካከለው ከቱቦው ጫፍና ከመያዣው መካከል ሮንዴላ በመጨመር ወይም በመቀነስ ነው። አዲስ ገመድ ስለሚሳብ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ዳዶውን እንደገና እዩት፤ ያን ጊዜም ጥርሱን ጠርጋችሁ ግራሶ ቀቡት።

ከአክብሮት ጋር፣
አሮጌ መኪና ጠጋኞች
ባሕር ዳር