«ሞተሩ ጠፋ» ብቻ አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ኮሪያ ጦርነት ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ፣ በጃፓን ታቺካዋ የተከሰከሰውን የአሜሪካ አየር ኃይል የማጓጓዣ አውሮፕላን «ሞተሩ በመጥፋቱ ወደቀ» ብላችሁ በአንድ መስመር አልፋችሁታል። 22 ዓመት ደብረ ዘይት ላይ የአውሮፕላን ሞተር ስጠግን ኖሬአለሁና ያች መስመር እንቅልፍ ነሳችኝ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ የዘመተው የሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ ወታደር ነበር። ለዕረፍት ጃፓን ደርሶ ሲመለስ ለእናቴ የገዛላት ጥቁር የእንጨት ሣጥን ዛሬም ከቤታችን አልወጣም። ሰኔ 11 ቀን 1945 ዓ.ም. ታቺካዋ ላይ ያለቁት 129 ሰዎችም አብዛኞቹ ልክ እንደ እርሱ ዕረፍታቸውን ጨርሰው ወደ ኮሪያ የሚመለሱ ወጣቶች ነበሩ። እስከዚያች ቀን በአንድ አውሮፕላን አደጋ ከመቶ ሰው በላይ ሞቶ አያውቅም።

አውሮፕላኑ ባለ አራት ሞተር ግሎብማስተር ነው። በተነሳ በአንድ ደቂቃ ገደማ አንደኛው ሞተር፣ ማለትም በግራ ክንፍ ዳር ያለው፣ ከዳ። ሦስቱ ግን ይሠሩ ነበር። አብራሪው ወደ ማረፊያው ሊመለስ ዞረ፤ ከክንፉ ኋላ ተዘርግቶ ነፋስ የሚገታው ተጣጣፊ አካል፣ ፍላፑ፣ ያለጊዜው ወረደ፤ ፍጥነቱ ወደቀ፤ ክንፉ መሸከም አቃተው። ያረፈው ሐብሐብ ማሳ ላይ ነው። አንድም ሰው አልተረፈም። መርማሪዎቹ የጻፉት ሞተሩንም ፍላፑንም ነው።

አብራሪውን ለመውቀስ አይደለም ይህን ማንሳቴ። መሬቱ ቅርብ፣ አውሮፕላኑ ሙሉ፣ የቆመው ፕሮፔለር ነፋሱን እየገታ አፍንጫውን ወደ ግራ ይጎትታል። ያን ጊዜ የሰው እጅ ቢሳሳት ማን ይፈርድበታል? ኅዳር 27 ቀን 1990 ዓ.ም. በሩሲያ ኢርኩትስክ ተዋጊ ጀቶች ጭኖ የተነሳው አንቶኖቭ 124 የጭነት አውሮፕላን ደግሞ ከአራቱ ሞተሮች ሦስቱ በተከታታይ ጠፍተውበት መኖሪያ ሕንፃ ላይ ወድቋል። እነዚህን ሁለት አደጋዎች «ሞተሩ ጠፋ» በሚል አንድ ቃል መጥራት አንጀቴ አይችልም።

ሞተርም ቢሆን ዝም ብሎ አይጠፋም። እኛ የዘይቱን ማጣሪያ ፈትተን ነጭ ጨርቅ ላይ እናራግፈው ነበር። አንድ ሌሊት፣ በባትሪ ብርሃን፣ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ብልጭ የምትል የብረት ስባሪ አየሁ። ጭነቱ ተጭኖ አልቋል፣ አለቃችን ተቆጥቷል፤ እኔ ግን አልፈርምም አልኩ። ሞተሩ ሲፈታ ኩሽኔታው ተበልቶ ተገኘ። ጠዋት አብራሪው መጥቶ ምንም ሳይናገር እጄን ይዞ ቆመ፤ ዘይቱ እንኳ ገና ከእጄ አልታጠበም ነበር።

ጋዜጣችሁን እዚህ ቢሾፍቱ ያሉ ወጣት ቴክኒሽያኖች ያነቡታል። ስለዚህ በሚቀጥለው እትም ስለ ታቺካዋ እርማት አውጡልኝ፤ ፍላፑም ይጻፍ፣ የሟቾቹም ቁጥር ይጻፍ፣ ከዕረፍት እየተመለሱ እንደነበረም ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የአውሮፕላን ሞተር ቴክኒሽያን
ቢሾፍቱ